ቫይረሱ ካለፈ በኋላ የሚመጣ የነርቭ ሕመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉንፋኑ ለቀቀ። ተቅማጡም ቆመ። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ግን እግር ይደነዝዛል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታል። ብዙ ቤተሰብ ይህን «የሕመሙ ድካም ነው፣ አጥሚት ጠጥቶ ይተኛበት» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር ነው። ከኢንፌክሽን በኋላ ባሉት ሳምንታት አዲስ የሰውነት መዛል ወይም ድንገተኛ የጠባይ ለውጥ ከመጣ፣ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሕመሞች ብዙዎቹ ይታከማሉ። ግን ጊዜ አይሰጡም።

ቫይረሱ ከሄደ ነርቭን ማን ይጎዳዋል?

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አንዳንድ ቫይረስ ራሱ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ጉዳት ያደርሳል። የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) እና የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህ ናቸው። አልማዝ ባለጭራም የሚወጣው ነርቭ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የቆየ ቫይረስ ሲነሳ ነው።

እዚህ የማወራው ስለ ሌላው ዓይነት ነው። ቫይረሱ ተሸንፏል፣ ወይም ጸጥ ብሏል። ሊዋጋው የተነሳው የሰውነት መከላከያ ግን የራሱን ነርቭ ማጥቃት ይጀምራል። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሕመም ኦቶኢሚዩን ይሉታል።

ሰውነት የራሱን ነርቭ እንዴት ይስታል?

ከሁሉ በላይ የተጠናው መንገድ መመሳሰል ነው። የአንዳንድ ቫይረስና ባክቴሪያ አካል ከእኛ ነርቭ ክፍል ጋር ይመሳሰላል። መከላከያው ጀርሙን ለመያዝ አንቲቦዲ ይሠራል። ያው አንቲቦዲ ነርቭ ላይም ይለጠፋል። ጥሩ ምሳሌው ካምፒሎባክተር የተባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ነው። ቫይረስ አይደለም፤ ግን ነገሩን በግልጽ ያስተማረን እሱ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስኳር፣ ነርቭ ላይ ካሉት ጋንግሊዮሳይድ ከሚባሉት ስብና ስኳር አዘል ነገሮች ጋር አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ መጋለጥ ነው። አንጎል ውስጥ ያሉ ብዙ ፕሮቲኖች ከሰውነት መከላከያ ጋር በወጉ ተዋውቀው አያውቁም። ቫይረስ የአንጎል ሴሎችን ሲያፈርስ እነዚህ ፕሮቲኖች ይፈስሳሉ። መከላከያውም እንደ እንግዳ ይቆጥራቸዋል።

ሦስተኛም አለ። አንዳንድ ቫይረስ ራሱ የመከላከያ ሴል ውስጥ ገብቶ ይኖራል። መሞት የነበረበት፣ ነርቭን የሚያጠቃ ሴል እንዳይሞት ያደርገዋል ተብሎ ይታሰባል። ይህኛው ገና እየተጠና ነው።

እነዚህ ሁሉ ሆነውም አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም። ኢንፌክሽኑ የሚያስነሳው በዘሩ፣ በዕድሜው ወይም በአኗኗሩ የተዘጋጀ ሁኔታ ሲያገኝ ነው።

ጉሊያን ባሬ ሲባል እሰማለሁ። ምንድን ነው?

ከዚህ ዓይነት ሕመም ሁሉ በፍጥነቱ የሚያስፈራው ይህ ነው። ስሙን ያገኘው በ1916 ከገለጹት የፈረንሳይ ሐኪሞች ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ሁለት ወታደሮች በድንገት ዝለው አገኟቸው።

በዓመት ከ100,000 ሰው ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይይዛል። ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ታማሚዎች ከዚያ በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ተቅማጥ ወይም የጉንፋን ዓይነት ሕመም ነበረባቸው። ካምፒሎባክተር ቀዳሚው ነው። ከቫይረሶች ሳይቶሜጋሎ፣ ኤፕስታይን ባር፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ዚካ እና ኮቪድ ይጠቀሳሉ። ኤችአይቪም በተያዙበት ሰሞን ሊያስነሳው ይችላል። ስለዚህ የኤችአይቪ ምርመራ ሲታዘዝ ቅር አትሰኙ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የእግር ጣት ይነዝራል ወይም ይደነዝዛል። ጀርባ ሊያም ይችላል። ከዚያ ሁለቱም እግሮች ይዝላሉ። መዛሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ እጅ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ጉሮሮ። ሐኪሙ ጉልበትን በመዶሻ ሲመታ እግር አይፈናጠርም። ሕመሙ በሁለት፣ ቢበዛ በአራት ሳምንት ውስጥ ጫፍ ይደርሳል። ከአራትና አምስት ታማሚዎች አንዱ መተንፈሻ መሣሪያ ያስፈልገዋል።

የምታደርጉት ነገር አለ። ታማሚው በአንድ ትንፋሽ፣ ሳያቋርጥ፣ ከ1 እስከ 20 ይቁጠር። ካቃተው፣ ምራቁን መዋጥ ካስቸገረው፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረው በዚያው ሰዓት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይወሰድ። እስከ ነገ አይቆይም። ቁጥሩን ጨረሰ ማለት ደግሞ ሰላም ነው ማለት አይደለም። እግሩ ዛሬ ከትናንት ከባሰ ያም በቂ ምክንያት ነው።

እግር የሚያዝል ሁሉ ግን ጉሊያን ባሬ አይደለም። የፖታሲየም ማነስ፣ የአከርካሪ ቲቢ፣ በጓያ የሚመጣው የእግር መገተር ሁሉም የየራሳቸው ምልክትና ሕክምና አላቸው። የሚለየው ምርመራ ነው። ዋናዎቹ የነርቭ ፍጥነት መለኪያና ከጀርባ የሚወሰደው ፈሳሽ ናቸው። ስለ ጀርባ ፈሳሽ አንድ ነገር ልበል። «ሽባ ያደርጋል» ተብሎ ይፈራል። መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነው። ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፤ ሽባ ያደርጋል የሚለው ፍርሃት ግን ስንቱን ታማሚ ከትክክለኛው ምርመራ አስቀርቷል።

ልጄ እግሩ ሲዝል ሰገራውን ሁለት ጊዜ ወሰዱት። ለምን?

ፖሊዮ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ፣ ምክንያቱ ምንም ቢመስል ሪፖርት ይደረጋል። ሁለት የሰገራ ናሙና ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል። ሁለቱም ሕመሙ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ መሆን አለባቸው። ፖሊዮ በጠፋባቸው አገሮች እንዲህ ያለ መዛል ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጉሊያን ባሬ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤታችሁ ድረስ መጥታ ስትጠይቅ እባካችሁ ተባበሯት። የእናንተን ልጅም የጎረቤትንም ልጅ ነው የምትጠብቀው።

በርግጥ ቫይረስ እንደሚያስነሳው በምን ታወቀ?

ሰው ታመመ፣ ቀድሞ ጉንፋን ነበረው ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጉንፋን የማይዘው ማን አለ? ጥሩው ማስረጃ የመጣው ወረርሽኝ ድንገት ከገባባቸው ቦታዎች ነው።

ዚካ ቫይረስ በ1947 ኡጋንዳ ውስጥ ተገኝቶ ለአሥርት ዓመታት ብዙም ሳይወራለት ኖረ። በ2013 መጨረሻ የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴቶች ገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ 42 ሰዎች ጉሊያን ባሬ ያዛቸው። ለዚያ ሕዝብ ይህ ከተለመደው እጅግ የበዛ ነው። ተመራማሪዎች ደማቸውን መረመሩ። ሁሉም ዚካን የሚያመክን አንቲቦዲ ነበራቸው። ለማወዳደሪያ ከተመረመሩት ሰዎች ግን ያ የተገኘው ግማሽ አካባቢ በሆኑት ላይ ብቻ ነው። ከ42ቱ አንድም ሰው አልሞተም። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡት 16 ነበሩ። ክፍሉና መሣሪያው ስለነበራቸው ነው የዳኑት ብዬ አምናለሁ።

ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) ከቫይረስ ይመጣል የሚባለውስ?

ኤምኤስ ከጉሊያን ባሬ ይለያል። የሚመታው አንጎልን፣ ህብለ ሰረሰርንና የዓይን ነርቭን ነው። እየመጣ እየሄደ ለዓመታት ይቆያል። መከላከያው የሚያጠቃው ማይሊንን ነው። ማይሊን የነርቭ ክር ልባስ ነው፤ ልክ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲክ። ሲላጥ መልእክት ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። አንድ ዓይን ይደበዝዛል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ ሚዛን ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሴቶች ላይ ይበዛል።

በጃንዋሪ 2022 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ነገሩን ቀየረው። የአሜሪካ ጦር ከወታደሮቹ በየጊዜው የወሰደውን የደም ናሙና ያስቀምጣል። ተመራማሪዎቹ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የ20 ዓመት መረጃ አዩ። 955ቱ ኤምኤስ ይዟቸዋል። በቂ ናሙና ከተገኘላቸው 801 ታማሚዎች ውስጥ፣ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በኤፕስታይን ባር ቫይረስ ያልተያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በቫይረሱ መያዝ ኤምኤስ የመምጣቱን ዕድል 32 እጥፍ አሳድጎታል። በተመሳሳይ መንገድ በምራቅ የሚተላለፈው ሳይቶሜጋሎ ግን ዕድሉን አላሳደገውም። ጥናቱን ጠንካራ ያደረገው ይህ ንጽጽር ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ጨመሩ። ከአንዳንድ የኤምኤስ ታማሚዎች የተገኘ አንቲቦዲ የቫይረሱን አንድ ፕሮቲንም፣ አንጎል ውስጥ ያለ ግሊያልካም የተባለ ፕሮቲንንም ይይዛል። ከላይ ያልኩት መመሳሰል ማለት ነው።

ቫይረሱ ለምሥራቅ አፍሪካ እንግዳ አይደለም። በ1964 ለንደን ውስጥ ሲገኝ፣ የተገኘው ከኡጋንዳ ልጆች የመንጋጋ ዕጢ በተላከ ናሙና ላይ ነው።

ታዲያ ለኤፕስታይን ባር ልመርመር?

አያስፈልግም። ከ100 አዋቂ ሰው ከ90 በላይ የሚሆነው አለበት። ዕድሜ ልክ ይኖራል። ምርመራው «አለ» ቢላችሁ የምታደርጉት ነገር የለም። ከተሸካሚዎቹ ኤምኤስ የሚይዘው እጅግ ጥቂቱ ነው።

ቫይረሱ እኛ ዘንድ ሁሉም ሰው ላይ ካለ፣ ኤምኤስ ለምን የፈረንጅ በሽታ ይባላል?

ምክንያቱ አንድ አይደለም። እንደኛ ባሉ አገሮች ልጆች ቫይረሱ የሚይዛቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው፤ ብዙም ሳይታወቅ ያልፋል። በሀብታም አገሮች ብዙው ሰው የሚያዘው በጉርምስና ነው። ያኔ በትኩሳት፣ በጉሮሮ ሕመምና በንፍፊት ያስተኛል። እንዲህ ታመው ያለፉ ሰዎች ላይ ደግሞ ኤምኤስ በብዛት ይታያል። የዘር ዝንባሌ፣ ሲጋራ፣ የፀሐይና የቫይታሚን ዲ ማነስም ድርሻ አላቸው። በዚያ ላይ ኤምአርአይ (አንጎልን በምስል የሚያሳይ መሣሪያ) በሌለበት ኤምኤስን ማወቅ ከባድ ነው።

ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ይህን እወቁ። እንግሊዝ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከሕንድ ክፍለ አህጉር ከሄዱ ወላጆች እዚያ የተወለዱ ልጆች ላይ ኤምኤስ ከወላጆቻቸው በበለጠ እንደሚታይ አሳይተዋል። ስለዚህ ለንደን ወይም ዋሽንግተን ያደገች ልጃችሁ አንድ ዓይኗ በድንገት ከደበዘዘና ስታንቀሳቅሰው ካመማት፣ «በዘራችን የለም» ብላችሁ አትቆዩ።

ከንፈሬ ላይ ምች ይወጣብኛል። የነርቭ ሕመም ያመጣብኛል?

እጅግ በጣም ሊሆን የማይችል ነገር ነው፤ ተረጋጉ። ከንፈር ላይ የሚወጣውን የሚያመጣው ኸርፐስ ሲምፕሌክስ ነው፤ ብዙ ሰው አለበት። በጣም አልፎ አልፎ ግን ይኸው ቫይረስ አንጎል ውስጥ ገብቶ ያስቆጣዋል። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ መቀባዠርና የሚጥል ሕመም ያመጣል። አሲክሎቪር በደም ሥር በፍጥነት ካልተሰጠ ይገድላል።

ለጉዳያችን ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስፔን ውስጥ እንዲህ ታመው የተረፉ 51 ሰዎችን ሐኪሞች ተከታተሉ። 14ቱ በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት ሁለተኛ ሕመም መጣባቸው። ቫይረሱ አልተመለሰም። የራሳቸው አንቲቦዲ አንጎላቸውን እያጠቃ ነበር። ትንንሽ ልጆች ሰውነታቸው ያለፈቃዳቸው ይወራጫል። አዋቂዎች ጠባያቸው ይለወጣል። እንዲህ ያለ ታማሚ በቤታችሁ ካለ፣ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለሦስት ወር በደንብ ተከታተሉት።

የጠባይ ለውጥ ሲመጣ የአእምሮ ሕመም ነው፣ ወይስ ይህ?

ይህን ጥያቄ የጠየቃችሁ ሁሉ ልባችሁን የነካ ነገር እንዳለ ይገባኛል። በ2007 የዶክተር ሆሴፕ ዳልማው ቡድን አንድ ሕመም ገለጸ። አንቲ ኤንኤምዲኤ ኢንሴፋላይትስ ይባላል። ብዙ ጊዜ ወጣት ሴቶችን ይይዛል። ራስ ምታትና ትኩሳት ይቀድማል። ከዚያ ጤነኛ የነበረች ልጅ በቀናት ውስጥ ትቀባዥራለች፣ የሌለ ነገር ታያለች፣ እንቅልፍ ታጣለች። ቀጥሎ ትንቀጠቀጣለች፣ አፏ ያለፈቃዷ ይንቀሳቀሳል፣ ንግግሯ ይጠፋል። አንዳንዶቹ ላይ መነሻው የእንቁላል ማቀፊያ ዕጢ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ከላይ ያልኩት ኸርፐስ ነው። ብዙዎቹ ላይ መነሻው አይታወቅም።

ፀበል መሄድን ማንም አይከለክላችሁም። የምለምናችሁ ሆስፒታሉን አታስቀሩት ነው፤ መድኃኒት ከተጀመረም አታቋርጡ። ሕክምና ካገኙት ከአምስቱ አራቱ ያህል በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ኑሯቸው ይመለሳሉ። ይህች ልጅ አልተለከፈችም፣ አላበደችም። አንጎሏ ተቆጥቷል።

ጥርጣሬ የሚያስነሳው ፍጥነቱና አብሮ የሚመጣው ነው። ቀድሞ ምንም ያልነበረበት ሰው በቀናትና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከተለወጠ፣ ትኩሳት፣ የሚጥል ሕመም ወይም ያለፈቃድ እንቅስቃሴ ካለው፣ ሐኪሙን «ከአንጎል መቆጣት ጋር ይያያዛል ወይ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ።

ክትባትስ ይህን አያመጣም?

በግልጽ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። አንዳንድ ጊዜ፣ በጣም በጥቂቱ፣ ያመጣል።

በ1976 አሜሪካ ለአሳማ ጉንፋን ወደ 45 ሚሊዮን ሰው ከተበች። ከ100,000 ተከታቢ አንድ ያህል ተጨማሪ ጉሊያን ባሬ ታየ፤ ዘመቻውም ቆመ። በ2009 ወረርሽኝ ጊዜ ፓንደምሪክስ የተባለው ክትባት ፊንላንድና ስዊድን ውስጥ ልጆችና ወጣቶች ላይ ናርኮሌፕሲ፣ ማለትም ቀን ቀን የሚጥል ከባድ እንቅልፍ አመጣ። በ2021 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የኮቪድ ክትባት ላይ የጉሊያን ባሬ ማስጠንቀቂያ አከለ። ያኔ 12.5 ሚሊዮን ዶዝ ተሰጥቶ 100 ያህል ሪፖርት ቀርቦ ነበር።

እኛም የራሳችን ታሪክ አለን። አዲስ አበባ ፓስተር እየተሄደ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረው የእብድ ውሻ ክትባት የሚሠራው ከበግ አንጎል ነበር። እንዲህ ያለ ክትባት ውስጥ ማይሊን አለ። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ጥቂት ተከታቢዎች ላይ መከላከያው ወደ ራሳቸው አንጎል ዞሯል። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች እንዲተዉት ያሳሰበው ለዚህ ነው። አዲሱ ክትባት በላብራቶሪ ሴል ላይ ይመረታል፤ የአንጎል ቁራጭ የለበትም። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥባችሁ ሩጡ፣ ተከተቡ። ምልክት ከጀመረ በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ይገድላል።

ሚዛኑን እዩት። ኩፍኝ ከያዛቸው 1,000 ልጆች አንዱ ያህል የአንጎል መቆጣት ይመጣበታል፤ ከፊሉም ይኸው የራስ መከላከያ ጥቃት ነው። ኢንፍሉዌንዛ ራሱ ጉሊያን ባሬ የማምጣት ዕድሉ ከክትባቱ ይበልጣል። ልጅ ማስከተብ ነርቭንም መጠበቅ ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው?

እንደ ሕመሙ ይለያል። ለኤምኤስ ሲነሳና ከራስ መከላከያ ጥቃት ለሚመጣ የአንጎል መቆጣት ስቴሮይድ (መከላከያውን የሚያበርድ መድኃኒት) በደም ሥር ይሰጣል። ለጉሊያን ባሬ ግን ስቴሮይድ አይጠቅምም። ከፋርማሲ ፕሬድኒሶሎን ገዝታችሁ የምትጀምሩ ካላችሁ፣ ተዉት። ለጉሊያን ባሬ የሚሠሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ከብዙ ሺህ ለጋሾች የተሰበሰበ አንቲቦዲ ሲሆን አይቪአይጂ ይባላል። ሌላው ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ማጣራት ነው። እኩል ይሠራሉ። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ እኛ ጋ በቀላሉ አይገኙም። ባንግላዴሽ ውስጥ ሐኪሞች በቀላል መሣሪያ ፕላዝማ ጥቂት በጥቂት የመቀየር ዘዴ በ20 ታማሚዎች ላይ ሞክረው ሊሠራ እንደሚችል አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ጥናት ለኛ ዓይነት አገር በጣም ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ ባይገኝም ሆስፒታል መተኛት ዋጋ አለው። ትንፋሽ፣ የልብ ምትና ግፊት ይታያል። ሰውነት ይገላበጣል፣ ቁስል አይወጣም። እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ይደረጋል። ፊዚዮቴራፒ ይጀመራል። ብዙው ሰው የሚድነው በዚህ ነው።

ይተላለፋል? ይወረሳል?

ሕመሙ አይተላለፍም። ታማሚውን አቅፉት፣ አብራችሁ ብሉ። በዘር የሚሄደው ዝንባሌው እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም። ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰው ሊይዝ ቢችልም የተለመደ አይደለም።

ከጉሊያን ባሬ የዳነ ሰው ተመልሶ ይይዘዋል?

ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ከ100 ሰው ሁለት እስከ አምስት ላይ ሊመለስ ይችላል። ከአምስት ታማሚዎች አራቱ ያህል በስድስት ወር ውስጥ ያለ ድጋፍ ይራመዳሉ። ድካምና የእግር መንዘር ግን ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ አሠሪም ቤተሰብም ሊረዳው ይገባል። መዛሉ ከስምንት ሳምንት በኋላም መባሱን ከቀጠለ ሌላ፣ ሥር የሰደደ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል እንደገና መታየት አለበት። ለዚያኛው ስቴሮይድ ይሠራል። ሕመሙ የመጣው ክትባት ከወሰዳችሁ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከነበረ፣ ያንኑ ክትባት ከመድገማችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። ሌሎቹን ክትባቶች ማቋረጥ አያስፈልግም።